የጉሙ ችሎት ሰሌዳ

አንድ ጸሐፊ ነበረ።

አይዞሽ ብርዛፍ፣ ጥያቄሽን ረስቼ ወደ ተረት መሮጤ አይደለም። የጠየቅሽኝን ልድገምልሽና ልክ ካልሆነ አርሚኝ። የሒሳብ ማረጋገጫ ለሚፈትሸው የኮምፒውተር ፕሮግራማችሁ መመሪያ እየጻፍሽ ነው። ሰው «ይህ እውነት ነው ተብሎ ተሰጥቶኛል» ብሎ የሚነሣባቸውን ታሳቢዎች እንዴት እንደሚይዛቸው፣ በየትኛው ትእዛዝ ስም እንደሚሰጣቸው፣ በየትኛው እንደሚያስወጣቸው፣ በየትኛው እንደሚቀይራቸው አንድ በአንድ እያብራራሽ ነው። ጥያቄሽ ደግሞ፣ «ትእዛዙ ምን እንደሚሰጥ በአንድ አጭር መስመር ከጻፍኩ አይበቃም ወይ ጋሼ? ምን ወስዶ እንደሚሄድም መጻፍ አለብኝ? የሚጠቀሙበት እኮ አዋቂዎች ናቸው» ነው። ይኸው ነው አይደል? እንግዲያው ስሚኝ፤ ስልክሽንም አስቀምጪው።

አንድ ጸሐፊ ነበረ። የሚኖረው ጉም በማይለቀው ኮረብታ ላይ ነበር። ጉሙ እንደ እኛ አገር ጉም ረፋድ ላይ የሚገፈፍ አይደለም፤ ጠዋትም ከሰዓትም እዚያው ነው። ሰው ወደ ኮረብታው ሲወጣ መጀመሪያ ሳሉ ይሰማል፣ ቀጥሎ የበትሩ ጫፍ ብቅ ይላል፣ ፊቱ የሚታየው አጠገብሽ ከደረሰ በኋላ ነው። እዚያ የሚኖሩትን «ስንት ዓመት ኖራችሁ?» ብትዪያቸው አያውቁም፤ ቀኑ ሁሉ አንድ ዓይነት ነጭ ነውና። ጸሐፊው አንዳንዴ ነቅቶ ይሁን በሕልሙ መለየት ያቅተው ነበር። ቢሆንም ደስተኛ ነበር። ሥራውን ይወዳል።

በኮረብታው ጫፍ ላይ ችሎት አለ። ዳኛው የሚቀመጠው ጉሙ ውስጥ ነው፤ ፊቱን ያየ ሰው የለም። ዘመድ የለው፣ ጉቦ አይቀምስ፣ አይቆጣ፣ አይራራ። አንድ አመል ግን አለው፤ በእጅሽ ባለው ብራና ላይ ያልተጻፈ ነገር አያውቅም። «ዛሬ ጠዋት ፀሐይ ወጥታለች» ብትዪው፣ «የታለ ብራናው?» ይልሻል። «ኧረ ጌታዬ፣ ይህን ማን ያጣዋል!» ብትዪው፣ አሁንም «የታለ ብራናው?» ነው። በብራናሽ ላይ ካለ ግን፣ ከንጉሥ ጋር እንኳ ብትሟገቺ ይፈርድልሻል። ሰው ያንን ሁሉ ዳገት የሚወጣው ለዚህ ነው።

ከዳኛው ፊት ለፊት አንድ ብራና ፋቂ ተቀምጧል። ባለጉዳይ ይዞት የመጣውን ብራና ለሙግቱ እንዲመች አድርጎ የሚያስተካክልለት እሱ ነው። ያሉትን ብቻ ያደርጋል፤ አይጨምርም፣ አይቀንስም፣ «ለምን?» ብሎም አይጠይቅም። ታዲያ በዚያ ኮረብታ ላይ አዲስ ብራና የሚባል ነገር የለም፤ ጉም ውስጥ ፍየል አይረባም። ስለዚህ «እንዲህ ተደርጎ ይጻፍልኝ» ያለ ሰው፣ አሮጌው ጽሑፍ ይፋቅና በዚያው ላይ ይጻፍለታል። ይህን የኮረብታው ሰው ሁሉ ያውቀዋል። ከማወቃቸው ብዛት ለሌላ ሰው የሚናገረው ጠፋ።

የጸሐፊው ሥራ መግቢያው ላይ የቆመውን ሰሌዳ መጻፍ ነበር። ብራና ፋቂው ምን ምን እንደሚሠራ ለባለጉዳይ የሚነግር ሰሌዳ ነው። ከእሱ በፊት የነበረው ሰሌዳ ረጅም ነበር አሉ፤ ሰው ቆሞ ሲያነበው እግሩ ይዝል ነበር። እሱ አሳጠረው። «ስም የሌለውን ስም ይሰጣል።» «የማይፈለገውን ያስወጣል።» «ለሁሉ የተባለውን ለአንዱ ያደርጋል።» እንዲህ እያለ ይወርዳል። ፊደሉን እዚህ ጠበብ፣ እዚያ ሰፋ እያደረገ መስመሮቹ እኩል ጀምረው እኩል እንዲያበቁ አድርጓቸዋል። የችሎቱ ሰዎች «እጅህ ይባረክ» ብለውታል። ከመግቢያው አጠገብ ባለች ክፍሉ መስኮት ላይ ሆኖ ሰው ሲያነበው ማየት ይወድ ነበር፤ እኔም ብሆን እወድ ነበር።

አንድ ቀን አንዲት ገበሬ ሴት መጣች። ባሏ ሞቶባታል፤ ሁለት ሴቶች ልጆች አሏት። መሬቷ ከአንድ ምንጭ ሥር አንዱ ከአንዱ በታች ሆነው ከሚወርዱ አምስት እርሻዎች የመጨረሻው ነው። ሦስተኛው እርሻ የአንድ ሀብታም ሰው ነበር። ያ ሀብታም ውሃውን ገድቦ ለራሱ አስቀረው፤ አራተኛውና አምስተኛው እርሻ ደረቁ። የሴትየዋ ገብስ ገና ሳያሸት መገርጣት ጀምሯል። ውሃው በዚያ ወር ካልወረደላት የቀራት መንገድ አንድ ነው፤ መሬቱን ትታ፣ ልጆቿን ይዛ፣ የወንድሟ ቤት ጥገኛ መሆን። የወንድሟን ሚስት ደግሞ ታውቃታለች፤ ያቺ ሴት ውሃ ስታቀብልሽ እንኳ ስንቴ እንደዋጥሽ የምትቆጥር ናት።

በእጇ ግን ጥሩ ነገር ነበራት። የውሃ አባቱ፣ ማለት በአገሩ ላይ ውሃ የሚያካፍሉት ሽማግሌ፣ ከመሞታቸው በፊት ሁለት ብራና አትመው ሰጥተዋታል። አንዱ «የመጀመሪያው እርሻ ይጠጣል» ይላል። ሁለተኛው ደግሞ «የትኛውም እርሻ ከጠጣ፣ ከሥሩ ያለውም ይጠጣል» ይላል። አየሽ? ሁለት ብራና ናት፤ በእነዚህ ሁለት ግን አምስት እርሻ ቀርቶ አምስት መቶ ይጠጣል። የመጀመሪያው ከጠጣ ሁለተኛው፣ ሁለተኛው ከጠጣ ሦስተኛው፣ እያሉ አንድ አንድ እርምጃ መውረድ ብቻ ነው። አንቺ ይህን ከእኔ የበለጠ ታውቂዋለሽ።

ሴትየዋ ከጉሙ ብቅ ብላ ሰሌዳው ፊት ቆመች። ከንፈሯን እያንቀሳቀሰች አነበበችው፤ እስከ መጨረሻው አነበበችው። ከዚያ ትከሻዋ ሲላላ ጸሐፊው በመስኮቱ አየ።

«ተመስገን! እኔ እኮ ከባድ መስሎኝ ነበር» አለች ለራሷ።

ጸሐፊው ደስ አለው። ይህች ሴት ማን እንደሆነች አያውቅም፣ ከየት እንደመጣችም አያውቅም፤ ግን ሰሌዳው እንዳቀለላት አየና ልቡ ሞቀ። ምን ታደርጊዋለሽ፣ የጻፈ ሰው ሁሉ እንዲህ ነው።

ዳኛው ከጉሙ ውስጥ ጠየቃት። «ምን ትፈልጊያለሽ?»

«አምስተኛው እርሻ እንዲጠጣ ነው ጌታዬ።»

«በእጅሽ ያለውን አሳዪኝ።»

ሁለቱንም ብራናዎች ዘረጋች። ጉሙ ብራናዎቹ ላይ ይዋልላል።

«የመጀመሪያው እርሻ ይጠጣል፤ አይቼዋለሁ። ሁለተኛውስ?» አለ ዳኛው።

«ያው ጌታዬ፣ የትኛውም ይላል እኮ!»

«የትኛውም የሚባል እርሻ አላውቅም። ለየትኛው እንደሆነ አስጽፈሽ አምጪልኝ።»

ሴትየዋ አልደነገጠችም። ሰሌዳው ላይ አንብባዋለች፤ ለሁሉ የተባለውን ለአንዱ ያደርጋል። ወደ ብራና ፋቂው ሄደችና ያንን «የትኛውም» የሚለውን ብራናዋን ሰጠችው።

«ለየትኛው እርሻ ላድርግልሽ?» አላት።

«ለመጀመሪያው።»

ቀሪጭ ቀሪጭ የሚል ድምፅ ተሰማ። ጸሐፊው ከክፍሉ ሆኖ ሰማው፤ በቀን መቶ ጊዜ የሚሰማው ድምፅ ስለሆነ ጆሮውን እንኳ አላቀናም። ሴትየዋ ፊቷን ወደ ዳኛው አዙራ በጣቷ እየቆጠረች ነው። ከመጀመሪያው ወደ ሁለተኛው፣ ከሁለተኛው ወደ ሦስተኛው። ሦስተኛው የዚያ ሀብታም ነው፤ ከእሱ ወደ አራተኛው፣ ከዚያ የእሷው። ከብራናው የሚረግፈው ነጭ ዱቄት ጉሙ ውስጥ ገብቶ ይጠፋል። ውሃው በቦይዋ ሲመጣ ገና ከአሁኑ ሰማችው መሰላት፤ ልጆቿ በባዶ እግራቸው ሲገቡበት፣ ሲንጫጩ።

ብራና ፋቂው ጨርሶ ሰጣት። ሄዳ ለዳኛው አሳየችው።

«ሁለተኛው እርሻ ይጠጣል። ቀጥዪ» አለ ዳኛው።

እንባዋ መጣ። ሁለተኛው እርሻ እኮ ዱሮም እየጠጣ ነው! ግን ተፈረደልኝ ብላ ነው ያለቀሰችው፤ መንገዱ ተከፈተልኝ ብላ። እየተንደረደረች ወደ ብራና ፋቂው ተመለሰች።

«አሁን ደግሞ ለሁለተኛው አድርግልኝ።»

«የቱን ብራና?»

«ያንኑ ነዋ።»

«ያ በእጅሽ ያለው ነው።»

አየችው። «የመጀመሪያው እርሻ ከጠጣ፣ ሁለተኛው ይጠጣል» ይላል። ገለበጠችው፤ ጀርባው ባዶ ነው። ከፍ አድርጋ ወደ ብርሃኑ ያዘችው፤ በዚያ ጉም ውስጥ ምን ብርሃን አለ! «የትኛውም» የሚለው የለም።

«የት ሄደ?» አለች።

«ፋቅሁት። ለመጀመሪያው አድርግልኝ አልሽ፣ አደረግሁልሽ» አላት። ክፋት የለበትም። ያለችውን ነው ያደረገው።

ወደ ዳኛው ሮጠች። ድምፅዋ አሁን በኮረብታው ሁሉ ይሰማል።

«ሦስተኛው እርሻ ይጠጣል የሚል በእጅሽ አለ?» አላት ዳኛው።

«ነበረኝ ጌታዬ! አሁን፣ አሁን ነበረኝ!»

«አለ?»

ሴትየዋ ያንኑ የተፋቀውን ብራና ደግማ ዘረጋችለት። ጉሙ ዝም ብሎ ይዋልላል።

ከዚያ ወደ ሰሌዳው ተመለሰች። ጸሐፊው በመስኮቱ ሲያያት፣ ያንን መስመር በጣቷ እየተከተለች ደግማ ደጋግማ ታነብ ነበር። መጀመሪያ የመጣለትን ልንገርሽ፤ «ብትጠይቅ ምን ነበረበት? ብራና እንደሚፋቅ የማያውቅ ማን አለ?» ብሎ አሰበ። እንዳሰበውም ደነገጠ። የማያውቅ ሰው ይኸው ፊቱ ቆማለች።

«ይህን ማነው የጻፈው?» አለች ሴትየዋ ወደ ጉሙ።

እሱን አላየችውም። አንድ እርምጃ ወደ ኋላ ቢል ጉሙ ይሸፍነው ነበር፤ ማንም «እገሌ ነው» ብሎ አይነግርበትም ነበር። ጸሐፊው በሩን ከፍቶ ወጣ።

«እኔ ነኝ እናቴ።»

ቀና ብላ አየችው። አልጮኸችም። «ጌታዬ፣ ዋናው እንደሚጠፋ እርስዎ አያውቁም ነበር?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ?»

«ጽፌው ነበር። ‹ዋናው ይጠፋል› ብዬ ከመስመሩ ጫፍ ላይ ጽፌው ነበር። መስመሩ ከሌሎቹ እየበለጠ አላምር አለኝና… መልሼ ፋቅሁት።»

ሴትየዋ ጣቷን መስመሩ ጫፍ ላይ፣ እዚያ ባዶው ቦታ ላይ አደረገችው። «ስንት ቃል ነበር?»

«ሁለት።»

ብትረግመው ይሻለው ነበር። እሷ ግን የምታሰላው ሌላ ነገር ነበር። «ቤቴ እኮ የፍየል ቆዳ አለ» አለች ቀስ ብላ። «ሦስት ናቸው። ልጆቼ ይተኙበታል። ባውቅ አንዱን ብራና አስደርጌ፣ ባዶውን ይዤ እመጣ ነበር። ዋናውን አስገለብጥ ነበር። መጀመሪያ አስገለብጥና፣ ግልባጩን አስፍቅ ነበር።»

እውነቷን ነው። ያ ብቻ ነበር የሚያስፈልጋት።

ጸሐፊው እጇን ይዞ ወደ ዳኛው ወሰዳት። «ጌታዬ፣ ብራናው የትኛውም ይል ነበር፤ ስትነግርዎ ከመስኮቴ ሰምቻታለሁ፤ ለዚህ እኔ እማኝ ነኝ» አለ፤ በሕይወቱ እንዲያ ጮክ ብሎ ተናግሮ አያውቅም። ዳኛው ምን እንዳለው ልንገርሽ? ታውቂዋለሽ። «የታለ ብራናው?» አለው።

ሲወጡ ሴትየዋ እጇን ከእጁ አወጣችና፣ «እንግዲያው ይምጡ» አለችው። «ልጆቼ ቦዩ ላይ ቆመው ይጠብቁኛል። እኔ ምን ብዬ እንደምነግራቸው አላውቅም። እርስዎ ይንገሩልኝ።»

ሄደ። ከስንት ዓመት በኋላ እንደሆነ አያውቅም፣ ከጉሙ ሲወጣ ፀሐይ ፊቱን መታችው፤ ዓይኑን ሸፍኖ እየተደናበረ ወረደ። ቀለም ሁሉ በዛበት። ቁልቁል ሲያይ እርሻዎቹ አንዱ ከአንዱ ሥር ተኝተዋል፤ የመጀመሪያው አረንጓዴ፣ ሁለተኛው አረንጓዴ፣ ሦስተኛው ደግሞ ከሁሉም የለመለመ። ከዚያ በታች ያለው በቢላዋ የተቆረጠ ይመስላል፤ ቢጫ ነው፣ እስከ ታች ቢጫ ነው። ከላይ ጉም ውስጥ ሆኖ ሰሌዳ ሲጽፍ፣ መስመሮቹ እዚህ ድረስ እንደሚወርዱ አስቦት አያውቅም።

ሁለቱ ልጆች ደረቁ ቦይ ዳር ቆመዋል። ቦዩን ጠርገውታል። ቅጠሉን ለቅመው፣ ድንጋዩን አውጥተው፣ ውሃው ሲመጣ ምንም እንዳይዘው አድርገው አጽድተውታል።

«ውሃው መቼ ይመጣል?» አለች ትልቋ፤ እንግዳ ሰው ሲመጣ የውሃውን ዜና ያመጣ መስሏት።

ጸሐፊው እንደለመደው አጭር አደረገው። «አይመጣም።»

«ለምን?»

እዚህ ላይ አጭር ቃል አጣ። ስለዚህ ተቀመጠና ሁሉንም ነገራቸው። ጉም ውስጥ ፍየል እንደማይረባ፣ ስለዚህ አዲስ ብራና እንደሌለ፣ አዲሱ የሚጻፈው በአሮጌው ቦታ እንደሆነ፣ እናታቸው የያዘችው ብራና ምን ያህል ትልቅ እንደነበረ፣ ሰሌዳው ምን እንደሚልና ምን እንደማይል። ቦዩ ዳር የቆመው ዛፍ ጥላው ወደ ማዶ እስኪዞር ነገራቸው። ሁለቱን ቃል ለምን እንደፋቃቸው መንገር ላይ ሲደርስ ዓይኑን ወደ ተጠረገው ቦይ መለሰ፤ «እንዲያምር ብዬ ነው» ብሎ ለሁለት ሕፃናት መናገር ቀላል አይምሰልሽ።

ትንሿ ዓይኖቿን ተከለችበትና፣ «አሁንስ ጻፉት?» አለችው።

አልጻፈውም። ብርዛፍ፣ አልጻፈውም ነበር! አዝኖ፣ አፍሮ፣ እማኝ ሆኖ፣ ይህን ሁሉ መንገድ ወርዶ፣ ሰሌዳው ግን እዚያው እንዳለ ነው። በዚያችው ሰዓት ሌላ ሰው ፊቱ ቆሞ «ተመስገን፣ ቀላል ነው» እያለ ይሆናል። ጸሐፊው ብድግ አለ። ደኅና ዋሉ እንኳ አላለም፤ ያንን ዳገት እየሮጠ ተመለሰ፣ እየወደቀ፣ እየተነሣ፣ ጉሙ እስኪውጠው ድረስ።

ውሃው አልመጣም። ተረት ነውና መጨረሻው ላይ ውሃ አወርድልሻለሁ ብለሽ ጠብቀሽ ከነበረ ይቅር በዪኝ። ገብሱ ደረቀ። ሴትየዋ በዚያው ወር ልጆቿን ይዛ ወንድሟ ቤት ገባች።

ሰሌዳው ግን እንደገና ተጻፈ። «ዋናው ይጠፋል፤ የሚፈልገው አስቀድሞ ያስገልብጥ፤ ባዶ ብራና ከቤት ይዞ ይምጣ» የሚል ተጨመረበት። የብራና ስም ይለውጣል የሚለው መስመር ሥር፣ ብራናውን በድሮ ስሙ የጠራ እንደማያገኘው ተጻፈ። «የማይፈለገውን ያስወጣል» የሚለው ሥር ደግሞ፣ ሌላ ብራና የተደገፈበትን አስወጣ ቢሉት ብራና ፋቂው እምቢ እንደሚል ተጻፈ። መስመሮቹ አንዱ ረጅም፣ አንዱ አጭር፣ አንዱ እንዲያውም ከሰሌዳው ጠርዝ ታጥፎ ወረደ። የችሎቱ ሰዎች «ምነው፣ እጅህ ተበላሸ እንዴ?» አሉት። እሱ ቀጣዩን መስመር መጻፉን ቀጠለ። አንድ ቀን አንድ ሽማግሌ ብራናቸውን በብብታቸው ይዘው መጡ፣ ቆመው አነበቡ፣ ራሳቸውን ነቀነቁና ወደ መጡበት ተመልሰው ወረዱ። ከቀናት በኋላ ሁለት ብራና ይዘው መጡ፤ አንዱ ባዶ ነበር።

እንግዲህ ልጄ፣ ዳኛው ያ ፕሮግራማችሁ ነው፤ በእጅ ያለውን እንጂ የነበረውን አያውቅም። ብራናው ታሳቢው ነው። ብራና ፋቂው ትእዛዙ ነው፤ ያሉትን ያደርጋልና አይወቀስም። ለሁሉ የተባለውን ታሳቢ ለአንዱ የሚያደርገው ትእዛዝ ዋናውን በልቶ እንደሚሄድ አንቺ ታውቂያለሽ፤ ከማወቅሽ ብዛት ደግሞ መጻፉ አሳፈረሽ። ጸሐፊዋ አንቺ ነሽ።

አውቃለሁ፣ አውቃለሁ፤ «የእኛ ላይ እኮ ወደ ኋላ መመለስ ይቻላል ጋሼ» ልትዪኝ አፍሽን ከፍተሻል። ይቻላል፤ የቱ ጋ እንደጠፋው ላወቀ ሰው። ያላወቀው ግን ሦስተኛው እርሻ ላይ ቆሞ የሚጠረጥረው ራሱን ነው። «ይህ ነገር ለእኔ አይደለም» ይልና ኮምፒውተሩን ዘግቶ ይሄዳል። እንዲህ ብለው የሄዱ ልጆች አስተምሬያለሁ፤ አንዳንዶቹ ከእኔም ከአንቺም የተሻሉ ነበሩ፤ እስካሁን ይቆጨኛል።

አዋቂዎች ናቸው የሚጠቀሙበት አልሽኝ። አዋቂ መመሪያሽን አያነበውም። የሚያነበው የማያውቀው ነው፤ እሱ ደግሞ አሁን፣ አንቺ እዚህ እኔ ዘንድ ተቀምጠሽ፣ ያለችውን አንዲት ታሳቢ ይዞ ዳገቱን እየወጣ ነው። ተነሺ፣ ሳይደርስ ጻፊለት።